የለጣፊው ወረፋ

በእኛ መንደር ጄሪካን ሰው ነበር። አጋንኜ አይደለም፤ ደንቡ እንዲያ ስለነበረ ነው። ቦቴው ውሃ ይዞ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ጉልበት ማንም ስላልነበረው፣ ሰውየው ጥላ ይፈልጋል፣ ጄሪካኑ ወረፋ ይይዛል። ጄሪካን አይደክመውም፣ ራሱን አያዞረውም፣ ከፊቱ ያለውን አይገፋም። ከሰው የሚያንሰው ወሬ አለማወቁ ነው፤ እሱም ቢሆን ሬዲዮ የምንላትን ጎረቤታችንን ለሚያውቅ ሰው እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

ደንቡን ማንም ቁጭ ብሎ አላወጣውም። አንድ ቀን በተነሳ ድብድብ የአንዲት ሴትዮ ጥርስ ወለቀ፤ በማግስቱ ደንብ ኖረን። የተቀመጠ ጄሪካን አይነካም። ባለቤቱ በሌለበት አይቀዳለትም። ተራው ደርሶ ባለቤቱ ካልቀረበ ወደ ጭራ ይሄዳል እንጂ ከወረፋ አይወጣም። ውሃው መሐል ላይ ካለቀ ደግሞ ሰልፉ እንዳለ ያድራል፤ ሌላ ቦቴ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ ወዲህ ጥርስ አልወለቀም። ሴትዮዋም ብትሆን "የእናንተ ሕግ ከእኔ አፍ ነው የወጣው" እያለች ትኮራብናለች።

አስከባሪው እኔ ነበርኩ። ቁልፍ ይሉኛል። ቦቴው ውሃውን የሚገለብጥበት ትልቅ ጥቁር ሮቶ ነበረን፤ የሮቶው ቧንቧ በጓጉንቸር ይቆለፋል፣ ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ከጦርነቱ በፊት አውቶቡስ ጣቢያ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። ጦርነቱ አውቶቡሱንም ጣቢያውንም ወሰደና ተራ ማስከበሩን ብቻ ተወልኝ። ከጥይት ሸሽተን እዚህ ሜዳ ላይ ብንሰፍር ደግሞ ደመናው ከእኛ ሸሸ። የእርዳታ ድርጅቱ የቆርቆሮ ቤት ሠራልን፣ ጤና ጣቢያ ከፈተልን፣ ውሃውን በመኪና ያመላልስልን ጀመር። ውሃው ከየት እንደሚመጣ የቦቴውን ሾፌር ስጠይቀው "ከሩቅ" ይለኛል። ከዚህ ሌላ ነግሮኝ አያውቅም። እሱም እንደ ውሃው ቃል ይቆጥብ ነበር።

ወረፋው ለሲስተርም ትምህርት ቤቷ ነበር። ሲስተር የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ለትምህርት ና ቢሉት የማይመጣ ሰው፣ ውሃ ሲጠብቅ ግን የትም አይሄድባትም። ጥላው ሥር ትቆምና ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ እጅ መታጠብ ታስተምራለች። ሁልጊዜ የምትዘጋው በአንድ አነጋገር ነው። ጄሪካን በአሸዋ ይታጠባል፣ አፉ ይከደናል፣ የሰነበተ ውሃ አይጠጣም።

ሬዲዮ አንድ ቀን "ሲስተር፣ እስኪ መጀመሪያ የሚሰነብት ውሃ ስጪን" አለቻት።

ሲስተርም ከሰው ጋር አብራ ሳቀች። የምትስቅ ነርስ ያላት መንደር ግማሽ ጤና አላት።

አሁን ወደ ለጣፊው ልምጣ።

ለጣፊው ወጣት ብረት በያጅ ነበር። የሚበየድ ብረት ሲያጣ ወደ ፕላስቲክ ዞረ። ጠፍጣፋ ብረት ከሰል ላይ ያግልና የወዳደቀ የፕላስቲክ ቁራጭ አቅልጦ የተሰነጠቀ ጄሪካን ይለጥፋል። ቀለም አይመርጥም። ቢጫው ላይ ሰማያዊ፣ ነጩ ላይ ቀይ፣ ያገኘውን ነው የሚያደርገው። ከወረፋው ግማሹ የእሱ ጠባሳ ነበረበት። "ሲስተር ሆዱን ታክማለች፣ እኔ ዕቃውን፤ ልዩነታችን ነጭ ካፖርት ነው" ይል ነበር። የራሱ ጄሪካን ትልቅ ቢጫ ነው፤ ትከሻው ላይ አረንጓዴ ልጥፍ አለበት፣ እጀታው በሽቦ ተጠምጥሟል። የሐኪም ቤት ሁልጊዜ በሽተኛ አያጣም እንደሚባለው፣ ከሁሉ የከፋው ስንጥቅ የነበረው የእሱው ጄሪካን ላይ ነው።

ጦርነቱ ቆመ በተባለ ሰሞን፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ድሮ በነበርንበት ከተማ፣ መበየጃው ከቤታቸው ፍርስራሽ ሥር ሳይነካ እንደተቀመጠ ሰማ። ጠዋት ጄሪካኑን ወረፋ ላይ አስቀመጠ። እናቱ ከጎኔ ቆማ ነበር።

"እማ፣ ወረፋዬን ያዢልኝ፣ መጣሁ" አላት።

የሚመለስ ሰው ሲወጣ መጣሁ ነው የሚለው፤ ሄድኩ ብሎ የሚወጣ የተኳረፈ ሰው ነው። ስለዚህ ማናችንም ልብ ብለን አላየነውም። እናቱ ሻርፗን እያሰረች ስለነበር ቀና ስትል ያገኘችው ጀርባውን ነው። ድልድዩን ሲሻገር ያየው ሰው አለ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሞተ የሚል አልመጣም፤ አለ የሚልም አልመጣም። አንድ ክረምት ዝናብ ሳይኖረው አለፈ፤ ሌላውም ተከተለው።

ጄሪካኑ ግን ወረፋ ላይ ነው።

እናቱን ሰው ሁሉ የለጣፊው እናት ነው የሚላት። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ የድሮ ጎረቤቴ ናት፣ በዕድሜም ጥቂት ትቀድመኛለች። ቦቴ በሚመጣበት ቀን ሁሉ ሁለት ጄሪካን ይዛ ትመጣለች። አንዱ የእሷ ነው፤ ተራው ሲደርስ ትቀዳበታለች። ሁለተኛው የእሱ ነው። ሲስተር ባስተማረችው መሠረት በአሸዋ ታጥባዋለች፣ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ትከድነዋለች። እሱ ከሄደ ወዲህ ውሃ ያላየ ጄሪካን ከሁላችን ጄሪካን ይበልጥ የጸዳ ነበር።

ተራው ሲደርስ እንደማንኛውም ጄሪካን እጠራዋለሁ።

"የለጣፊው!"

ከዚያ እሷ ከጥላው ሥር ሆና "ገና ነው፣ መንገድ ላይ ነው" ትላለች። እኔም እጀታውን ይዤ ወደ ጭራ እወስደዋለሁ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት አላውቅም። ከባድ ነገር አይደለም፤ ባዶ ጄሪካን ነው።

ብዙ ቆይቼ ነው አንድ ነገር ልብ ያልኩት። ጄሪካኑ ጭራ ላይ ሲሆን እትዬ ዘና ትላለች፣ ከሴቶቹ ጋር ትጫወታለች፣ ሬዲዮን ታሾፍባታለች። ወደ ፊት እየተጠጋ ሲመጣ ግን ወሬዋ ያጥራል። አንገቷ ወደ መንገዱ ይዞራል። ሦስት አራት ጄሪካን ሲቀረው ያነጋገራትን ሰው አትሰማም። ወደ ጭራ ስመልሰው ደግሞ ትከሻዋ ዝቅ ይላል፣ ትንፋሿ ይመለሳል። ከፊቱ ያለው ሰልፍ ለእሷ ልጇ የሚመጣበት መንገድ ነበር። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ልጇ የሚደርስበት ጊዜ አለው። ሌላው ሰው ረጅም ወረፋ ሲያይ የሚሳደበውን ያህል እሷ ልቧ ይረጋል።

አንድ ጊዜ አዲስ የመጣ ሰው ባዶውን ጄሪካን በእግሩ ገፋ አድርጎ የራሱን አስቀመጠ። ባዶ ለባዶ ምን ይለያል አለ። ማንም አልጮኸበትም። ሬዲዮ ብቻ ተነስታ የሰውየውን ጄሪካን አገላብጣ አየችው። ገበያ ላይ አሮጌ ገዝቶ ነው። ታችኛው ጥግ ላይ ሰማያዊ ልጥፍ አለበት።

"ይኼን ማን እንደለጠፈልህ ታውቃለህ? ቦታውን የወሰድክበት ሰውዬ ነው" አለችው።

ሰውየው ጄሪካኑን አነሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሰላም የሚላት እሱ ሆነ።

ቧንቧው የመጣው እንዲህ ባለንበት ነው። ድርጅቱ ከኮረብታው ሥር ጉድጓድ ሲያስቆፍር ከርሞ ውሃ ወጣ። ኢንጂነሩ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ትሁት፣ ሰው ሲያናግር ጎንበስ የሚል ልጅ ነው። ሰበሰበንና ነገረን። ባለ ስድስት ቧንቧ ቦኖ ይሠራል። ቦቴ አይኖርም። ውሃው ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። ከእንግዲህ ወረፋ የሚባል ነገር ተረት ይሆናል። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እንጀራዬ እንደተነካ የገባኝ ካጨበጨብኩ በኋላ ነው። ባለቤቴ ግን ጭብጨባው ሳያልቅ ገብቷት "ከእንግዲህ ማንን ልታሰልፍ ነው፣ እኔን?" አለችኝ።

እትዬ እጇን አነሳች።

"ወረፋው የት ይሄዳል?"

ሰው ሳቀ። ኢንጂነሩም በደግነት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ስብሰባው ሲበተን አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝና ኢንጂነሩን ድንኳኑ በር ላይ አገኘነው። ከስድስቱ አንዷ ቧንቧ እንደ ድሮው በወረፋ እንድትሆን ጠየቀችው። አንዷ ብቻ ትበቃኛለች አለችው። ኢንጂነሩ በጥሞና ሰማት። ሽማግሌና ነፍሰ ጡር በፀሐይ ሲንገላታ ማየት ልቡን ሲያደማው እንደኖረ ገለጸላት። ከዚያ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

"እናቴ፣ ለእርስዎማ ወረፋ የለም። ሰው ቢበዛም እንኳ እርስዎ ቀጥታ ገብተው ነው የሚቀዱት።"

እኔ መሐል ገብቼ ጉዳዩ ስለ ልጃቸው ነው ማለት ጀመርኩ።

"ልጃቸውም ያለ ወረፋ ይቅዳ" አለ ኢንጂነሩ። ፊቱ በደስታ በራ።

ከዚህ በላይ ምን ይባላል። አመስግነን ተመለስን። መንገድ ላይ "ልጁ ጥሩ ልጅ ነው" አለች። ጥቂት ተራምዳ ደግሞ "ምንም አልገባውም" አለች።

ቦኖው ሊመረቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው የመጨረሻው ቦቴ መጣ። ሾፌሩ ውሃውን ገለበጠና "በሉ ደህና ሁኑ" አለን፤ ከእሱ አፍ እንዲህ ረጅም ንግግር ሰምተን አናውቅም። ቀዳን። እኔ ጄሪካን እያየሁ ነው የምጠራው እንጂ የሮቶውን ሆድ አላየሁም። ከለጣፊው ፊት ያለው ጄሪካን ሞላ። እጀታውን ይዤ የለጣፊውን ልጠራ አፌን ስከፍት ቧንቧው ሳል ሳል አለው፣ ሁለት ጠብታ ጣለ፣ ደረቀ።

የለጣፊው ጄሪካን አንደኛ ሆኖ ቆመ።

እትዬ ከጥላው ወጥታ አጠገቡ መጣች። መንገዱን አየች። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፤ መንገዱ ላይ ሁለት ፍየልና አንድ የተነፈሰ ብስክሌት የሚገፋ ሽማግሌ ብቻ ነበር።

"ወደ ጭራ አታደርገውም?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ውሃው ሳይደርሰው እንዴት አደርገዋለሁ እትዬ? ደረቅ ቧንቧ ላይ ተራ አይባልም።"

"ከፊቱ እኮ ማንም የለም፣ ቁልፍ።"

"የለም።"

ሻርፗን ፈትታ እንደገና አሰረችው። "እሺ፣ ደንብ ደንብ ነው" አለች። እኔ የደንብ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ደንብ የሚባለውን ነገር ጥርሷ የወለቀው ሴትዮ ወስዳ ብትውጥልኝ ደስ ባለኝ።

የምረቃው ዕለት ኢንጂነሩ ሰው ጄሪካን ይዞ አዲሱ ቦኖ ጋ እንዲመጣ አዘዘ። በምን ቅደም ተከተል አልነው። እንደፈለጋችሁ አለ። "እንደፈለጋችሁ" የሚለው ቃል እኛ መንደር ጥርስ እንደሚያስወልቅ አላወቀም። ሰው ተንጫጫ። በመጨረሻ ሰልፉን እንዳለ፣ ሳናዛንፍ፣ ከሮቶው ወደ ቦኖው ለማዛወር ተስማማን። እያንዳንዱ የራሱን አንስቶ እየተከተለ ሄደ። እትዬ ፊት ፊት ሄደች፤ በቀኝ የእሱን፣ በግራ የራሷን ይዛ። የራሷን እንደ ደንቡ ወደ ኋላ ሄዳ ቦታው ላይ አስቀመጠች። የእሱን አንደኛ ላይ ትታው ጥላ ፍለጋ ሄደች።

ቦኖው ያምራል። ሰማያዊ ተቀብቷል፣ ሲሚንቶው ገና ይሸታል፣ የሚፈሰው ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለው። ከዋናው ቢሮ የመጣችው እንግዳ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ቋንቋችንን እንደ እኛ የምትናገር ሴት ናት። ንግግሯ አጭር ነበር፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ልትመሰገን ይገባታል። ከዚያ የመጀመሪያውን ጄሪካን እኔ ልቅዳ አለች። ጎንበስ ብላ ጨርቁን ከአፉ ላይ አነሳች፣ አጥፋ ኪሷ ከተተች፣ ጄሪካኑን ከቧንቧው ሥር አደረገች።

ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ኢንጂነሩ ክንዴን ለስለስ አድርጎ ይዞ "ፎቶ ውስጥ ትገባለህ" አለኝ።

ውሃው ወረደ። ባዶ ጄሪካን መጀመሪያ እንደ ከበሮ ነው የሚጮኸው። ከዚያ ድምፁ እየወፈረ ይሄዳል። ሬዲዮ ለእልልታ የከፈተችውን አፍ ቀስ ብላ ገጠመችው። እኔ እሷን ዝም ብላ ያየኋት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ነው። ሲስተር ጫማዋን ታይ ነበር። የቀረነው ሁላችን የምናየው አንድ ቦታ ነው፤ ትከሻው ላይ ያለውን አረንጓዴ ልጥፍ። ለጣፊው በሄደበት ዋዜማ ከለጠፈው ጀምሮ ውሃ አልተሞላበትም። ውሃው ልጥፉ ላይ ደረሰ። አለፈው። ሞላ።

አንድ ጠብታ አላፈሰሰም።

እንግዳዋ ቧንቧውን ዘግታ ቀና አለች። ጭብጨባ ጠብቃ ነበር።

"የማን ነው? ይምጣና ይውሰድ።"

ማንም አልተነቃነቀም። ደግማ ጠየቀች። ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ጥላው። እትዬ ተነስታ መጣች። አልቸኮለችም። ጄሪካኑ አጠገብ ስትደርስ ቆመች፤ አልነካችውም።

"የልጄ ነው" አለች።

"ልጅዎ የት አለ?"

"መንገድ ላይ ነው። እኔ ወረፋ ያዥ ነኝ።"

እንግዳዋ ወደ ሲስተር አየች። ሲስተር ከጫማዋ ቀና አላለችም። እንደመሰለኝ እንግዳዋ ነገሩ የገባት ያኔ ነው፤ ባርኔጣዋን አወለቀች።

"እንግዲያው እስኪመጣ እርስዎ ይያዙለት" አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ወረፋ ያዢልኝ አለኝ እንጂ ቅጂልኝ አላለኝም።"

እንግዳዋ አልተከራከረችም። ጨርቁን ከኪሷ አውጥታ የጄሪካኑን አፍ መልሳ ከደነች። ከዚያ በሁለት እጇ፣ እየከበዳት፣ ከቧንቧው ሥር አንስታ ቦኖው ጠርዝ ላይ አሳረፈችው። ፎቶ አንሺው አላነሳም።

ከዚያ ስድስቱም ቧንቧ ተከፈተ። ወረፋው ውሃ ውስጥ እንደወደቀ ጨው ሟሟ። እኔ እንኳ መጨረሻው ላይ ማን እንደነበረ አላየሁም። ሰው ቀዳ፣ ወሰደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ቀዳ። ልጆች ታጠቡ፤ ከሥር ምን ዓይነት ቀለም እንደነበራቸው ታየ። ሴቶች የከረመ ልብስ አወጡ፣ በየአጥሩ ላይ ተሰጣ። ባለቤቴ እግሯን ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ስጠራት አልሰማ አለችኝ። ደስታ ነበር። ደስታው የእኔም ነበር፤ አልዋሽም። ቁልፉ ግን አንገቴ ላይ ሆኖ ምን እንደሚከፍት አያውቅም።

እትዬ ከሙሉው ጄሪካን አጠገብ ቁጭ ብላ ዋለች። ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል። የእሷን ጄሪካን ሬዲዮ ቀድታ ቤቷ አደረሰችላት፤ የለጣፊውን ግን ማንም አልደፈረውም። ቀኑ መሸት ሲል የቦኖውን ግቢ መዝጋት ስለነበረብኝ ሄጄ ጎኗ ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ ከፈለግሽ ልድፋውና እንደ ድሮው ባዶ ይሁን። ተራው አልደረሰም እንበል።"

ዞራ አየችኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲያ አይታኝ አታውቅም።

"ውሃ ይደፋል? አንተ ተራ አስከባሪ ነህ ወይስ እብድ?"

እሷ ጣቷን በአረንጓዴው ልጥፍ ጠርዝ ላይ አስሄደች። የልጥፉ ዳር ላይ ትኩስ ብረቱ ሲጫን የተወው የጣት የሚያህል ጉድጓድ አለ፤ ጣቷን እዚያ ላይ አቆመች።

"አላፈሰሰም" አለች።

"አላፈሰሰም።"

"እሱ ሲለጥፈው እኔ፣ ይኼ መቼም አይይዝም፣ ጣለው፣ ብዬው ነበር። ታያለሽ አለኝ።" ትንሽ ፈገግ አለች። "ይኸው አየሁ። እሱ የለም እንጂ።"

ከቦኖው ማዶ ሰው ልብሱን ከአጥር ላይ እየሰበሰበ ነበር። እርጥብ አፈር ይሸታል፤ የረሳነው ሽታ ነው።

"ከፊቱ ማንም የለም አሁን" አለችኝ። "እስከ ዛሬ ያልመጣው ወረፋው ረዝሞበት ነው ብዬ ነበር እኮ ለራሴ የምነግራት። አሁን ለራሴ ምን ብዬ ልንገራት?"

አውቶቡስ ጣቢያ ሳለሁ አውቶቡሱ የዘገየበት ሰው ሲጠይቀኝ "እየመጣ ነው" እለው ነበር፤ ውሸት መሆኑን ሁለታችንም እያወቅን ደስ ይለን ነበር። ለእሷ ግን ምላሴ እምቢ አለኝ።

ራሷ ተናገረች።

"ሲስተር የሰነበተ ውሃ አይጠጣም ብላለች፣ አይደል?"

"ብላለች።"

"ከድልድዩ ማዶ እስከዚህ ድረስ ውሃ የለም። ሲመጣ ይጠማዋል።"

"ይጠማዋል።"

"የሰነበተ ውሃ ልሰጠው አልችልም።" ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች። "ቤት አድርሰኝ። ልብስ አጥብበትና እለውጥለታለሁ።"

እጀታውን ሁለታችን ያዝነው። የተጠመጠመው ሽቦ ጣቴን ይቆርጠኝ ነበር። ባዶውን ያን ሁሉ ጊዜ ወደ ጭራ ስመላልስ ሲሞላ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቤው አላውቅም ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ አሳረፍነው። ቤቷ ስንደርስ የት እንደምታስቀምጠው ቸገራት፤ ጓዳ አደረገችው፣ መልሳ አወጣችው፣ በመጨረሻ ከበሩ ጀርባ፣ የሚገባ ሰው እጁን ቢዘረጋ በሚያገኘው ቦታ ላይ አቆመችው። አፉ ላይ ኩባያ ደፋችበት።

አሁን በየሁለት ሦስት ቀኑ ትመጣለች። የሰነበተውን ውሃ ለልብስ ታደርገውና ጄሪካኑን በአሸዋ አጥባ ይዛ ትመጣለች። ስድስቱም ቧንቧ ጋ ሰው የለም፤ እሷ ግን ቀጥታ አትሄድም። ቦኖው በር አጠገብ፣ ድሮ ቢሆን የሰልፉ ጭራ በሚደርስበት ቦታ፣ ታስቀምጠውና ጥላ ሥር ትቀመጣለች። መንገዱን ታያለች። ቆይታ ትነሳና ጥቂት ወደ ፊት ታደርገዋለች። ደግሞ ትቀመጣለች።

መጀመሪያ ሰሞን "እትዬ፣ ከፊትሽ ማንም የለም እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።

አንድ ቀን ሬዲዮ ልትቀዳ መጣች። ቧንቧዎቹን አየች፣ ጄሪካኑን አየች፣ የራሷን ከለጣፊው ጄሪካን ፊት አስቀመጠችና ጥላው ሥር ገብታ ወሬዋን ጀመረች። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ሰማያዊ ልጥፍ ያለው ሰውዬ መጣና የራሱን ከእሷ ፊት አስቀመጠ። የሚቸኩል ሰው በጎን አልፎ ይቀዳል፤ ማንም አይቆጣውም። ያልቸኮለ ግን፣ በተለይ ልጥፍ ያለበት ጄሪካን የያዘ፣ ፊት ያስቀምጣል። ሲስተርም ሰው ተሰብስቦ ስታገኝ ስለ ተቅማጥ ታስተምራለች። ባለቤቴ "ሥራ አገኘህ" ትለኛለች።

በቀደም ኢንጂነሩ ለቁጥጥር መጣ። ሰልፉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ቧንቧው ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይሠራል አልኩት። አላመነኝም፤ አንዱን ከፈተ፣ ውሃው ወረደ፣ ዘጋ። ሁለተኛውንም ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ ሰልፉን ከፊት እስከ ጭራ እየተራመደ አየ። አረንጓዴው ልጥፍ ጋ ሲደርስ ቆመ። ብዙ ቆመ። ምንም ሳይጠይቀኝ ጥላው ሥር ሄደና ከእትዬ አጠገብ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከፊት ያሉት ቀድተው ወጡ። ከለጣፊው ጄሪካን ፊት ማንም አልቀረም።

"የለጣፊው!" ብዬ ጠራሁ።

እትዬ ወደ መንገዱ አየች። ሁላችንም ወደዚያው አየን፤ ኢንጂነሩም አየ። ነፋሱ አቧራውን አንስቶ መልሶ አስተኛው።

"ገና ነው" አለች። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። "ለዛሬ እኔ ልቅዳለት።"